ማዮን ስር ስድስት ቀን

ዱባይ አብራኝ የምትሰራ ፊሊፒኒ ጓደኛ አለችኝ፣ አራት ዓመት አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል፣ ስለ አገሯ ማውራት ስትጀምር ሁሌ ከተራራው ነው የምትነሳው። ሌሎቹ ስለ ማኒላ ሞል ምናምን ሲያወሩ እሷ "የኛ ተራራ" ትላለች፣ ማዮን የሚባለውን እሳተ ገሞራ ማለቷ ነው፣ ስልኳ ሲከፈት ተራራ፣ ዋትስአፕ ፕሮፋይሏ ተራራ። በማርች ሁለታችንም ፈቃድ ገጠመልንና ይዛኝ ሄደች። ከተማዋ ሌጋዝፒ ትባላለች፣ ሉዞን የሚባለው ትልቁ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ፣ ቢኮል የሚሉት ክልል ውስጥ፣ አልባይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች 200 ሺህ ምናምን ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት "ማናይ" ስለሚባል እኔም ማናይ እያልኩ ነው የምጠራት፣ እዚህም እንደዛው ልቀጥል።

ቀን 1

ከዱባይ ማኒላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ኤርፖርት ወንበር ላይ አደርን፣ ከዛ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ምናምን። የወረድነው ዳራጋ ላይ ነው፣ ዳራጋ ከሌጋዝፒ ጋር ተያይዛ ያለች ሌላ ከተማ ናት፣ አዲሱ ኤርፖርት በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) እዛ ኮረብታው ላይ ሲከፈት ሌጋዝፒ ውስጥ የነበረው የድሮው ተዘጋ። ሻንጣዬ አልመጣም። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፣ "ነገ ይደርሳል" አሉኝ፣ ነገ የሚባለው ነገር ደሞ በየትም አገር አንድ ነው።

ከኤርፖርቱ ስንወጣ መጀመሪያ የጠየቅኩት "ተራራው የታለ?" ብዬ ነው። ማናይ በእጇ ደመና አሳየችኝ። ከመሬት እስከ ሰማይ ግራጫ፣ ሌላ ምንም የለም። "እዛ ውስጥ ነው" አለች፣ በቃ ሰው ቤት ሄዶ "አባወራው ተኝተዋል" እንደመባል ነው። እስከ ቤት ድረስ በመኪናው መስኮት ያየሁት ሩዝ ማሳ፣ ኮኮናት፣ ቆርቆሮ ቤት፣ እንደገና ሩዝ ማሳ። የኔ አይን ግን እየደጋገመ ወደ ደመናው ነው።

አባቷ ታታይ፣ እናቷ ናናይ፣ እኔም ወዲያው እንደዛ ብዬ ጠራኋቸው። ጾም ላይ መሆኔን ማናይ አስቀድማ ነግራቸው ናናይ ላኢንግ ሰርተው ጠበቁኝ። ላኢንግ ማለት የደረቀ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተትና በቃሪያ ቀስ ብሎ የበሰለ ነው፣ አዎ የኛው ጎደሬ፣ እኛ ሥሩን እንበላለን እነሱ ሥሩንም ቅጠሉንም። በጣም ደስ አለኝ፣ ሥጋ የለ ቅቤ የለ፣ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፣ ሦስተኛው ላይ ሳህኑን ጠጋ ብዬ ሳየው ጥቃቅን ሮዝ ነገሮች ያዩኛል። ባላው የሚሉት ነው፣ በጨው የተብላላ ደቃቅ ሽሪምፕ፣ ያለሱ ላኢንግ አይጣፍጥም አሉኝ ናናይ። ዓሣ ነው ዓሣ አይደለም የሚለውን ለራሴ ተከራክሬ ጨረስኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቀን 2

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ናናይ ትከሻዬን ነክተው ቀሰቀሱኝ፣ ምንም ሳይሉ ወደ በረንዳው ወሰዱኝ።

ተራራ አውቃለሁ፣ ተራራ አገር ነው ያደግኩት፣ ግን እንዲህ ዓይነት አላየሁም። ሕፃን ልጅ ተራራ ሳል ሲባል የሚስለው ተራራ ነው በቃ፣ ሁለት መስመር ከግራና ከቀኝ እኩል ወጥተው ጫፍ ላይ የሚገናኙበት፣ ጫፉ ላይ ደሞ ቀጭን ጭስ። ማዮን 2,463 ሜትር ነው፣ ቁጥሩን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ማኪያቶ የሚጠጣበት ከፍታ እኮ ነው። ልዩነቱ ይሄ ከባሕር ነው የሚነሳው፣ ቅርብ ካለው የባሕር ዳርቻ እስከ ጫፉ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚህች ርቀት ውስጥ ያን ሁሉ ይወጣል። ስሙ በነሱ ቋንቋ "ማጋዮን" ከሚለው ነው የመጣው ይላሉ፣ ቆንጆ ማለት፣ ዳራጋ ደሞ ልጃገረድ። ተረቱ ላይ አባቷን ያገተ ሰው በግድ ሊያገባት ሲል በጦርነት መሃል የሞተች ቆንጆ ልጅ መቃብር ነው ተራራ ሆኖ ያደገው። ሩብ ሰዓት ያህል አየነውና ደመናው መጥቶ ሸፈነው፣ ናናይ "በቃ፣ ዛሬ በልተሻል" አሉኝ።

ከቁርስ በኋላ ሊኞን ሂል ወጣን። 156 ሜትር የሆነች ጉብታ ናት ከተማው ራስጌ፣ የአገሪቱ የእሳተ ገሞራ ተቋም ፊቮልክስ መከታተያ ጣቢያው እዚችው ላይ ነው። ከዚህ ላይ ሆኜ ያየሁትን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ያየሁት ሁሉ በዚህ ነው የገባኝ።

ወደ ሰሜን ፊትሽን ስታዞሪ ተራራው አለ፣ ላዩ የተላጨ ነው፣ ግራጫና ጥቁር፣ ከጫፉ ወደ ታች በየአቅጣጫው የተቦረቦሩ ሸለቆዎች አሉት። ከዛ ሣርና ቁጥቋጦ፣ ከዛ ዛፍ፣ ዛፉ ሲሳሳ ኮኮናት፣ ኮኮናቱ ሲያልቅ አትክልትና ሩዝ፣ ሩዙ ሲያልቅ ቤት፣ ቤቱ ሲያልቅ ባሕር። አንድ ዳገት ላይ ሁሉም በየደረጃው ተሰልፏል። እና ያ ሸለቆ ሁሉ ታች ሜዳው ጋ ሲደርስ አፉን ይከፍትና ይሰፋል፣ ሊጥ ምጣድ ላይ ሲፈስ እንደሚሰፋው፣ ያ የተዘረጋው መሬት ነው እንግዲህ ሩዙም መንደሩም ያለበት። ማለት ከተማዋ የተቀመጠችበት ሜዳ ራሱ ተራራው በሺህ ዓመታት ውስጥ ያወረደው አሸዋና አመድ ነው። ተራራው አጠገብ የተሰራች ከተማ መስላኝ ነበር፣ ለካ ተራራው ላይ ነው ያለችው፣ እግሩ ላይ። ወደ ደቡብ ስትዞሪ ደሞ መልኩ ሌላ ነው፣ አረንጓዴ ጉብታ ጉብታ የሆነ የቆየ መሬት፣ ከማዮን ጋር የማይገናኝ። መሃል ላይ ዝቅ ብላ ወደቧ፣ ገበያዋ፣ ሞሎቿ፣ እና ረጅም ባዶ አስፋልት፣ የተዘጋው ኤርፖርት መንደርደሪያ። መሬት እንደዚህ በጠበበበት ከተማ ያን የሚያህል ሜዳ ባዶውን ተኝቶ ሳየው የአዲስ አበባ ደላላ ቢያየው ብዬ አሰብኩ።

ቀን 3

ዝናብ። ከጠዋት እስከ ማታ። እኛ በጋና ክረምት ብለን የከፈልነው ነገር እዚህ አይሰራም፣ ደረቅ የሚባል ወር የላቸውም፣ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ይብሳል እንጂ ሌላውም ጊዜ ይዘንባል፣ ምክንያቱም ፊቷን ለፓሲፊክ ሰጥታ ነው የተቀመጠችው፣ ታይፉን የሚሉት ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስም የሚመጣው በዛው ነው። መሃል ከተማው ከባሕሩ ብዙም ከፍ አይልም፣ ከባድ ዝናብና የባሕር ሙላት ከተገጣጠሙ ውሃው የሚሄድበት የለውም፣ መንገዱ ላይ ይቆማል።

በትራይሲክል ገበያ ሄድን፣ ትራይሲክል ሞተር ሳይክል ጎን ሣጥን ተለጥፎበት ነው፣ ባጃጅ ምቾት ነበረው ለካ። ፒሊ የሚባል ለውዝ መሳይ ነገር ገዛሁ፣ እዛው ቢኮል የሚበቅል ዛፍ ነው፣ ታይፉን ኮኮናቱን ሁሉ ጥሎ ሲያልፍ ፒሊው ቆሞ ይገኛል ይላሉ። ከሰዓት ባሕር ዳር ያለው ቡሌቫርድ ላይ ጃንጥላ ይዘን ቆምን። አሸዋው ጥቁር ነው፣ ከተራራው ስለመጣ። ሁለት በኩል የቀርከሃ ክንፍ ያላቸው ባንካ የሚሏቸው ጀልባዎች ወደ ላይ ተጎትተው ተደርድረዋል፣ ወደቡ አጠገብ የተኛ አንበሳ የሚሉት ኮረብታ አለ፣ እኔ አንበሳ አልታየኝም፣ ማናይ ተናደደችብኝ።

ማታ ሻንጣዬ መጣ፣ ርሶ።

ቀን 4

ታታይ የተወለዱት ከተማ አይደለም፣ ዳገቱ ላይ ማቢኒት በሚባል ሰፈር አካባቢ ነው፣ ወንድማቸው አሁንም እዛ ያርሳል። ማቢኒት በአስተዳደር ሌጋዝፒ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከሞሉ ተነስተን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሙሉ ገጠር ነበርን። እየወጣን ስንሄድ አፈሩ ይቀየራል፣ ታች ጭቃ ነው፣ ወደ ላይ ሲሄድ ጥቁር ደቃቅ አሸዋ፣ በእጄ ዘግኜ ሳየው የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ይሄ አፈር የዘሩበትን ሁሉ ያበቅላል፣ ሰው አልሄድም የሚለው ለዚህ ነው።

ከጫፉ ዙሪያውን 6 ኪሎ ሜትር ድረስ ቋሚ የአደጋ ክልል ነው፣ መኖር የተከለከለ። "ማረስስ?" ብዬ ታታይን ጠየቅኩ፣ ማናይ አስተረጎመችልኝ፣ ሳቁና "ጎደሬው መስመሩን አያይም" አሉኝ። ከዛ ሳቁ ቆመ። በ1993 ፌብሩዋሪ 2 ተራራው ድንገት ሲፈነዳ የጋለ አመድና ጋዝ ቦንጋ በሚባለው ሸለቆ ተንደርድሮ ወረደና ከ70 በላይ ሰው ገደለ፣ አብዛኞቹ ማሳቸው ላይ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ታታይ ብዙዎቹን ያውቋቸው ነበር።

የወንድማቸው ማሳ ላይ ኮኮናቱ ከላይ፣ ከሥሩ ሙዝ መሳይ ነገር ተተክሏል። መጀመሪያ ሙዝ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ከዛ ቆም አልኩ። ቅጠሉ ከሙዝ ጠበብ ያለ ነው፣ ወደ ላይ ቆም ያለ፣ ግንዱ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አለው። እናቴ ጉራጌ ናት፣ በልጅነቴ ክረምት ክረምት አያቴ ጋ ነበር የምከርመው፣ እንሰት ጓሮ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ነገር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። አባካ ነው፣ የሙዝ ዘመድ፣ ፍሬው የማይበላ፣ ከእንሰትም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዓለም ላይ ካለው አባካ አብዛኛው ከፊሊፒንስ ነው የሚወጣው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይሄ የአልባይ አገር ሀብታም የሆነው በዚሁ ነበር፣ የጨው ውሃ ስለማያበሰብሰው የዓለም መርከብ ሁሉ ገመዱ ይሄ ነበረ፣ ናይለን እስኪመጣ። አሁን ሻይ ከረጢትና ገንዘብ የሚታተምበት ወረቀት ውስጥ ይገባል።

አጎትየው ግንዱን በገጀራ ቆረጠው፣ ቅርፊቱን እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብሱ ለየው፣ ከእያንዳንዱ ልብስ የውጪውን ፊት ብቻ በጩቤ ጫፍ ቀድዶ እንደ ጥብጣብ ሳበው። ከዛ እንጨት ላይ የተጋደመ ቢላዋ አለ፣ በእግር እንደ ፔዳል የሚረገጥ ነገር አለው፣ ሲረግጠው ቢላዋው ከፍ ይላል፣ ጥብጣቡን ከሥሩ ያስገባል፣ እግሩን ሲያነሳ ቢላዋው ይጫናል። የጥብጣቡን ጫፍ በእንጨት ላይ ጠምጥሞ ሙሉ ሰውነቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስባል፣ ጭጭጭጭ የሚል ድምፅ አለው፣ ባንድ በኩል አረንጓዴ ውሃና ገለባ ይረጫል፣ በሌላ በኩል እንደ ፈረስ ጭራ የሚያበራ ነጭ ፀጉር ይወጣል። ቃጫ! በአማርኛ ጮህኩ። ሁሉም ዞር አሉ። እንዴት ላስረዳቸው፣ አያቴ እንጨቱ ላይ ቅጠሉን በእግሯ ጣት ይዛ በቀርከሃ ስትፍቅ እኔ ዝንብ እየከለከልኩ እንዳደግኩ በግማሽ እንግሊዝኛ በግማሽ በእጅ አስረዳሁ። የኛ ግን የሴት ሥራ ነው ስል ወንዶቹ ሳቁ፣ "እዚህ ሴት አትስበውም፣ ወገብ ይገነጥላል" አለ አጎትየው፣ አያቴን ስላላያት ነው። ሞክሪ አለኝ፣ ሞከርኩ፣ ግማሽ ሜትር ስቤ ቀረሁ፣ መዳፌ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል።

ማሳው የሱ ነው ወይ ስል ሌላ ወሬ መጣ። መሬቱ የሌላ ሰው ነው፣ የኮኮናቱንም የአባካውንም ምርት ተካፋይ ነው እሱ። እኩል እኩል ነው ሲሶ ነው የሚለውን አልጠየቅኩም፣ ፊቱን አይቼ ተውኩት። ከሥራው በኋላ ከኮኮናት አበባ የሚቀዳ መጠጥ ቀዳልን፣ ስሙ "ቱባ" ነው፣ እኔ ደሞ ቱባ ባህል ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ስንመለስ በ2006 የወረደው ላቫ የቆመበት ጋ ወሰዱን። ጥቁር የድንጋይ ክምር ነው፣ ከቤት ጣሪያ በላይ ከፍ ያለ፣ ስንጥቁ ውስጥ ፈርን በቅሏል፣ ቱሪስቶች በባለ አራት እግር ሞተር መጥተው ፎቶ ይነሳሉ። ታታይ አልወረዱም፣ መኪናው ውስጥ ቆዩ።

ቀን 5

"ከእሳቱ ይልቅ ዝናቡን ነው የምፈራው" አሉ ታታይ ቁርስ ላይ፣ ከዛ ለምን እንደሆነ ሊያሳዩኝ ፓዳንግ ወሰዱኝ። ፓዳንግ ከመሃል ከተማው ወደ ሰሜን ባሕሩን ይዞ ሲኬድ ያለ መንደር ነው፣ ባንድ በኩል ተራራው ባንድ በኩል ባሕሩ። እሳተ ገሞራው በ2006 አጋማሽ ላይ ላቫና አመድ አውጥቶ፣ ያ አመድ ዳገቱ ላይ ልል ሆኖ ተቀምጦ ሳለ፣ ኖቬምበር 30 ቀን ሬሚንግ የሚሉት ሱፐር ታይፉን መጣ። ዝናቡ አመዱን ከነድንጋዩ አንስቶ አወረደው፣ ላሃር ይሉታል፣ ያልደረቀ ኮንክሪት ማለት ነው፣ ግን በመኪና ፍጥነት የሚሮጥና ቤት የሚያህል ድንጋይ የሚያንሳፍፍ ኮንክሪት። ሌጋዝፒ፣ ዳራጋ፣ ጊኖባታን፣ የነዚህ ሁሉ መንደሮች ተቀበሩ፣ በዛ ታይፉን ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ። እሳቱ ራሱ በዛ ዓመት ያን ያህል ሰው አልጨረሰም እኮ፣ ጣጣው የመጣው ከወራት በኋላ በውሃ ነው። መንገዱ ዳር አሁንም ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የሆነ ቤት አየሁ፣ መስኮቱ የነበረው ጉልበቴ ጋ ነው፣ ውስጡ ሙዝ በቅሏል። ዙሪያውን ሰው ተመልሶ ዘርቷል።

እና ያ የገደለው አሸዋ አሁን ይሸጣል። ወንዞቹ ውስጥ ኤክስካቫተር ገብቶ ይዝቃል፣ ገልባጭ መኪና ተሰልፎ ይጠብቃል፣ አሸዋው ተጣርቶ ብሎኬት ይሆናል፣ ብሎኬቱ ቤት። ዝናብ በመጣ ቁጥር ተራራው ጉድጓዱን መልሶ ይሞላዋል፣ የማያልቅ ካባ ነው። ታታይ ግን ደስ አይላቸውም፣ የወንዙን ዳርና ውሃ የሚያግደውን ግንብ አስጠግተው ሲዝቁ ቀጣዩ ጎርፍ በየት እንደሚመጣ አይታወቅም ይላሉ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ምላሳቸውን ጠጭ ያደርጋሉ።

ከሰዓት ካግሳዋ ሄድን፣ ዳራጋ ውስጥ ነው፣ ፎቶ ላይ የምታዩት ብቻውን የቀረ የደወል ማማ። በ1814 ፌብሩዋሪ 1 ማዮን ፈንድቶ ከተማውን ቀበረው፣ 1,200 ያህል ሰው ሞተ። ሁሉም ጎብኚ የሚነገረው ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደተጠለለና ማማው ብቻ እንደተረፈ ነው፣ የድሮ ፎቶዎች ላይ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ግድግዳ ከመቶ ዓመት በኋላም ቆሞ ይታያል፣ ቀስ እያለ ነው የፈረሰው። የተረፉት ወደ ዳራጋ ኮረብታ ወጡ፣ እዛ በ1773 የተሰራ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረበ ቤተ ክርስቲያን ነበርና። ማማው ሥር ሰው ጣቱን ተራራው ጫፍ ላይ እንዳስቀመጠ እየሆነ ፎቶ ይነሳል፣ እኔም ተነሳሁ ምን አባቴ ላድርግ።

ቀን 6

በረራችን ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ወደ ደቡብ ወጣን፣ ሆማፖን፣ ባንከሮሃን በሚባሉት በኩል። ሊኞን ላይ ሆኜ ያየሁት የቆየው ጉብታ መሬት ይሄ ነው። አፈሩ ቀይ ቡናማ፣ ኮኮናት በኮኮናት፣ ጉብታዎቹ መሃል ላይ ትንንሽ የሩዝ ማሳ፣ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ማንግሮቭ። ላሃር እዚህ አይደርስም፣ ስለዚህ ከሬሚንግ በኋላ ቤት የፈረሰባቸውን ወደዚህ ወደ ታይሳንና ባንከሮሃን አሰፈሯቸው፣ አንድ ዓይነት ቤቶች በመስመር በመስመር። ማናይ አክስቷ እዚህ አላት፣ ቡና አፈላችልን። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ደህና እንተኛለን አለች፣ ማሳው ግን እዛው ተራራው ሥር ነው፣ ባሏ ሌሊት ተነስቶ ጂፕኒ በሚሉት የሕዝብ መኪና ሄዶ ማታ ይመለሳል። ለመተኛት ደቡብ፣ ለመብላት ሰሜን። ቡናው ደሞ ስኳር የበዛበት የፓኬት ቡና ነው፣ ዝም ብዬ ጠጣሁ።

ኤርፖርት ታታይ አንድ ጥቅል አባካ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፣ አጎትየው የሳበውን፣ ደርቆ እንደ ወርቅ ሆኗል። "ዲዮስ ማባሎስ" አልኳቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ እንደማለት ነው። ተራራው እንደ መጀመሪያው ቀን ደመና ውስጥ ነበር።

ዱባይ ስገባ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩና ጥቅሉን ካሜራው ላይ አስጠግቼ አሳየኋት፣ ፊሊፒንስ የሚባል አገር ነው ከእሳተ ገሞራ ሥር ምናምን እያልኩ ሳስረዳ አላዳመጠችኝም። መነጽሯን አድርጋ ረጅም ሰዓት አየችው።

"የፋቀው ሰው እጁ ጥሩ ነው" አለች። "ቆጮውንስ ምን አደረጉት?"

ጣሉት ስላት አላመነችኝም።